የበላው እግር

የስፌት መኪና በእጅ የሚሠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እጅ ጨርቁን ይመራል እንጂ ሥራውስ የእግር ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ዲላ ገበያ ዳር ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ መርገጫውን ስረግጥ፣ ቀኝ እግሬን አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም። እንዲያውም ማታ ሲያብጥ እረግመው ነበር። ለመራገምማ ማን ብሎኝ፤ እናቴ «የዚች ልጅ ምላስ ከመርፌዋ ይብሳል» ትላለች። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አባቴ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ ይዞን መጥቶ እዚያው ዲላ አርፏል። ከእሱ በኋላ እኔም እናቴም የኖርነው በዚያ መኪና ነው።

ነሐሴ ውስጥ አሪቻ በሚባል የገጠር መንደር ያለ አንድ ቤተሰብ ለመስቀል ልብስ ሊያሰፋ አስጠራኝ። ከልጅ እስከ አዋቂ ለክቼ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ የከረመ ቡና በጫነ መኪና ተሳፍሬ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ጆንያ ላይ ወጥቶ መሄድ ብርቅ አልነበረም። ወናጎ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው መኪናውን አንሸራተተውና ቀስ ብሎ በጎኑ ጋደም አለ። ሹፌሩን ማንም አልወቀሰውም፤ የነሐሴ መንገድ ነው። እኔ አስቀድሜ ወደቅኩ፤ ጆንያዎቹ ተከተሉኝ። ሰዎች ጆንያውን ሲያነሱልኝ ወደ ታች አየሁ። ከቀኝ ጉልበቴ በታች አጥንቴ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቷል። ሕመሙ ገና አልመጣም ነበርና ዝም ብዬ አየሁት። በጣም ነጭ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ውስጤ ይዤ ስዞር ኖሬ አንድም ቀን አላየሁትም። ሰው ፊት የማይነገር ነው እንጂ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን መደነቅ ነው። ከዚያ ሕመሙ መጣ።

የጌዴኦን አገር መንገድ ላይ ቆመው ሲያዩት እንሰትና ቡና እንጂ ቤት ያለበት አይመስልም። እኔ ስጮህ ግን ከየቅጠሉ ሥር ሰው ወጣ። ቃሬዛ ሠርተው እስኪያነሡኝ የፈጀባቸው ጊዜ አባታችን ሆይ ከመድገም ብዙም አይበልጥም። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩና «የስፌት መኪናው ልጅ ነው» አሉ። አወቅኳቸው። በገበያ ቀን ቆጮ ተሸክመው ዲላ የሚመጡ፣ ትንሽ ለማረፍ ሸክማቸውን በረንዳዬ ሥር የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። ጨርቄ ቆጮ ይሸትብኛል እያልኩ ስንት ቀን ተነጫንጬባቸዋለሁ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሴቱም ወንዱም አንተ ነው። እኛ ደግሞ ለእናቴ ታላቅ የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» ነበር የምንላቸው። ከተሜው የገጠሩን ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነበር፤ ነውር ነው ብሎ የነገረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

እየተቀባበሉ ተሸክመው ወናጎ አደረሱኝ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሚሲዮን ሆስፒታል ተወሰድኩ። ፈረንጁ ሐኪም ቁስሉን አጥቦ፣ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ፣ እግሬን በጀሶ አሰረልኝ። ቁስሉን የሚያይበት ትንሽ ቀዳዳ ጀሶው ላይ ተወ። ከአንድ ወር በኋላ ቁስሉ ደርቆ ወደ ቤቴ ላከኝ። አጥንቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ኅዳር ላይ እናየዋለን አለ።

ቤት በገባሁ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አሮጊቷ መጡ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሸክም ከጀርባቸው አውርደው ፈቱት። አሚቾ ነው፤ አፈር ውስጥ የሚቀረው፣ እንደ ድንች የሚቀቀለው የእንሰት ሥር። ግን እንደሌላው እንሰት አይደለም። አስታራ ይባላል። በእሳቸው ጓሮ አስታራ የሚቆመው ለተሰበረ ሰው ነው፤ አይሸጥም፣ ጤነኛ አይበላውም። እንዴት እንደሚቀቀልና በወተት እንደሚበላ ለእናቴ ካሳዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ያንተ ብቻ ነው» አሉኝ። «ሌላ ሰው አይቀምስም።»

እሺ አልኩ። እናቴም እሺ አለች። ልባችን ግን እሺ አላለም። እኔን ያሳደገችኝ እንግዳ ሳይቀምስ ምግብ የማይወርድላት ሴት ናት። በእኛ ቤት ሰው እያየ ብቻ መብላት ከስርቆት የሚሻለው በጥቂት ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አሮጊቷ ከወጡ በኋላ እናቴ «ምስኪን፣ ያንሳታል ብላ ነው» አለችና ሳቀች።

ጠያቂ ደግሞ በሽ ነው። የሠፈሩ ሰው፣ የደብሩ ሰው፣ ልብስ የሰፋሁለት ሰው፣ ልብሱን ገና ያልሰፋሁለትና መቼ እንደምሰፋለት ሊሰልል የመጣ ሰው አልጋዬን ከብቦ ይቀመጣል። እናቴ አሚቾውን በሳህን ስታመጣ እጄ በራሱ ወደ ሰው አፍ ይሄዳል። ለእናቴ በየቀኑ ሁለት ጉርሻ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ለጎረቤቶቼ በተራ። «አይ፣ አንቺ ብዪ፣ የታመምሽው አንቺ ነሽ» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በሞቴ እላለሁ፤ በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል የለም። የዚያን አሚቾ ግማሹን እንኳ መብላቴን እጠራጠራለሁ። ትእዛዙን ረስቼው አልነበረም። ትእዛዙ የስስት መስሎኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ስስታም አይደለሁም።

ኅዳር ላይ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። ሁለቱ የአጥንት ጫፎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በመካከላቸው ጥቁር ክፍተት አለ። «አልያዘም» አለኝ። እንዲህ ያለ ስብራት እንደሚያስቸግር፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ አዲስ ጀሶ አስሮ እስከ መጋቢት እንደሚጠብቅ ነገረኝ። መጋቢት ላይም ካልያዘ ከጉልበት በታች ስለ መቁረጥ መነጋገር ይኖርብናል አለ። ይህን ሁሉ የተናገረው ቀስ ብሎ፣ ከመጽሐፍ በተማረው አማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠ ነው፤ አልሰማሁም ማለት አልቻልኩም።

ቤት ስንመለስ እናቴ ከሱቁ በረንዳ ተነሥቶ ቤት የገባውን የስፌት መኪናዬን ነጠላ አለበሰችው። ለአቧራው ነው አለች። እኔ ሬሳ የምትሸፍን መስሎኝ ጮህኩባት። ያን ሳምንት ለሁለታችንም የታየን አንድ ነገር ነው፤ አንድ እግር ያላት ሰፊ የለችም።

አሮጊቷ በገበያው ቀን መጡ። ከጀሶው የወጡትን የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ዳበሱ። እናቴ ሐኪሙ ያለውን ነገረቻቸው። የጠየቁኝ ግን ስለ ሐኪሙ አልነበረም።

«ማን በላ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። ስም እየጠራሁ መቁጠር ጀመርኩ፤ ቁጥሩ አላልቅ ሲል ራሴ አፈርኩና አቆምኩ።

«አጥንትህን አጎረስክ» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ እመልስላቸው ነበር፤ ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ባዶ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። ተቀይመዋል አልን፣ እውነታቸውን ነው አልን። በሌላው ገበያ ግን ደጃችን ላይ ጎብጠው ቆመው አየናቸው። ከጀርባቸው ያወረዱትን አሚቾ እናቴ ላነሣ ብትል አቃታት። ከየት እንዳመጡት ስትጠይቃቸው ከጓሯቸው መቆፈራቸውን ነገሯት። ሌላ አለሽ ወይ አለች እናቴ።

«አለቀ» አሉ። «ይሄ ሰባት ዓመት ነው። ልጅ ሊያወጣ ነበር።»

እንሰት በዘር አይተከልም። ልጅ እንዲያወጣ የተመረጠው ግንድ ይቆረጥና አሚቾው ተቀድዶ ተመልሶ ይቀበራል፤ ከከርሞ ዝናብ በኋላ ከዚያው ከተቀደደው ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይበቅላል። አሮጊቷ ሁለት አስታራ ነበራቸው። አንዱን እኔ ለጠያቂ አጉርሼ ጨረስኩት። ሁለተኛውን ልጅ እንዲያወጣ አቆይተውት ነበር፤ አሁን አልጋዬ ሥር አስቀመጡት። ቆጮሽ ይሸታል ላለቻቸው ልጅ ሰባት ዓመታቸውን ቆፍረው፣ ከወናጎ በላይ ካለው ተራራ ዲላ ድረስ ተሸክመው አመጡ። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ ሲነበብ ሰምቼ ይሆናል፤ በሰው እጅ ሲደረግ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴም ቆማ አየቻቸው፣ አየቻቸውና «ይቀመጡ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ቤት አንቺ ተብለው አያውቁም።

አሚቾውን ጓሯችን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀበርነው፤ እናቴ በየቀኑ እየቆረጠች ትቀቅልልኛለች። ጾሙ ገብቶ ነበር፤ ለበሽተኛ ነው ብለው የነፍስ አባታችን ወተቱን ፈቀዱ። ከምግቡ የበለጠ የከበደን በሩ ነው። እናቴ ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ትወጣና በሩን ከውጭ ትዘጋለች፤ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ፈትሏን ትፈትላለች። ጠያቂ ሲመጣ «አሁን እንቅልፍ ወሰዳት» ትላለች። ውሸት እንደ እባብ የምትፈራ ሴት፣ ያን ሁሉ ወራት በየቀኑ ስትዋሽ ከረመች። ሰው መታዘብ ጀመረ። ልጅቷ ኮርታለች፣ እናቲቱም ሰው ጠልታለች ተባለ። አንዲት ጎረቤታችንማ ወጥ ይዛ መጥታ ከደጅ ስትመለስ፣ እግርሽ ሲድን አፍሽ ተሰበረ ወይ ብላ ጮኻ ሄደች። እኔ ከውስጥ እሰማለሁ። እጄ በለመደው መንገድ ከሳህኑ ይነሣና መሐል ላይ ይቆማል፤ ወደ ራሴ አፍ እመልሰዋለሁ። እንባዬ ከወተቱ ጋር የተዋጠበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ምግብ ጣዕሙ በአፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ግን ደግሞ በዚያ በተዘጋው ቤት ውስጥ ነው እግሬን ማሰብ የጀመርኩት። ጀሶው ውስጥ ያሳክከኛል፤ አንዳንድ ቀን ይሞቀኛል፤ አንዳንዴ እንደ ጉንዳን የሚሄድ ነገር ይሰማኛል። የሆነ ሥራ አለ። እኔ ሳልነካው፣ ሳላዘው፣ ሳልለካው ይሠራል። እኔ ስሰፋ ክሩ የት እንደገባና የት እንደወጣ አያለሁ፤ የዚህ ስፌት ግን ሰፊውም ክሩም አይታይም። ስነጫነጭ ይሠራል፣ ሳለቅስ ይሠራል፣ ስተኛ ይሠራል። ከመፍራቴ የተነሣ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ። እናቴ ምነው ተለወጥሽ አለችኝ።

መጋቢት ላይ ሐኪሙ ራጁን እንደዚያው ወደ መስኮቱ አነሣ። ጥቁር ክፍተት የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ሁለቱን ጫፎች አቅፏል። «ይዟል» አለ፤ እሱም እንደ እኔ አፍጥጦ ይመለከተው ነበር። ስለ አስታራው ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ተክሉን እንዴት እንደሚበሉት ጠየቀኝና፣ ጀሶው፣ ምግቡና ጊዜው ሁሉም ሠርተው ይሆናል፣ ማን ምን ያህል እንደሠራ ግን እኔም አላውቅም አለ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ያን ነጭ ጉም ማየቴን ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም በዓይኔ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ጀሶው ሲወልቅ እግሬ የሌላ ሰው ነበር፤ የሸንበቆ ያህል ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፎ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እርገጪበት አለ። እሺ አልኩና ቤት ሄጄ አልረገጥኩበትም። ምርኩዝ ይዤ በግራ እግሬ እዘላለሁ፤ ቀኙን እንደ ዕንቁላል ከመሬት አንሥቼ እይዘዋለሁ። አንድ ቀን ነጠላውን ከመኪናው ላይ ገፍፌ በግራ እግሬ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ ጨርቁ ተቋጠረ። ነጠላውን መልሼ አለበስኩት። እናቴ ስትለምነኝ፣ ሁለቴ ከተሰበረ ማን አስታራ አለው አልኳት። እውነቴን ነበር። ጆንያ ወድቆበት የተሰበረ እግር እርምጃ ይችላል ብሎ ማመን አቃተኝ። ሚያዝያም አለፈ፣ መኪናው እንደተሸፈነ።

ግንቦት ላይ አሮጊቷ ሁለት ገበያ ቀሩ። በሦስተኛውም ሲቀሩ እንሂድ አልኩ። እስከ ወናጎ በመኪና፣ ከዚያ በላይ በኪራይ በቅሎ ወጣን፤ ምርኩዜን እናቴ ተሸክማዋለች። ያን አገር ለዓመታት መኪና ላይ ሆኜ አልፌበታለሁ እንጂ ውስጡ ገብቼ አላውቅም። ከላይ ታላላቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ቦዬ የሚባለው እንደ ድንች ያለ ሥራ ሥር። ፀሐዩ ተቆራርሶ ነው የሚወርደው። ባዶ መሬት የለም፤ ሁሉም ነገር ሌላውን ተጠልሎ ቆሟል።

አሮጊቷ ደጃቸው ላይ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጧል። ሬኮ የሚባል ሩቅ መንደር ሄጄ ነበር አሉ፤ ወንድማቸው እዚያ ነው። በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመልሰዋል። አጠገባቸው በቅጠል የተጠቀለለ ክንድ የሚያህል ችግኝ ተጋድሟል። አስታራ ነው።

ከቤቱ ጀርባ ወሰዱን። በእንሰቱ መካከል አንድ ጉድጓድ አለ፤ ኅዳር ላይ ለእኔ የተቆፈረው ነው። በዚያ አገር ጥፍር የሚያህል መሬት እንኳ ጦም በማያድርበት፣ እሱ ብቻ ባዶውን ከርሟል። ለምን እንዳልተከሉበት ጠየቅኳቸው። አስታራን የበላ ሰው ሲድን መጥቶ ይተክላል፤ ሌላ ሰው ቦታውን አይሞላውም አሉኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሲጠብቁኝ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ነይ አላሉኝም።

ተንበርክኬ ችግኙን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። እናቴ አፈሩን መለሰች። ከዚያ ርገጥ አሉኝ። ምርኩዜን ተደግፌ ተነሣሁና በግራ እግሬ መርገጥ ጀመርኩ።

«በሱ አይደለም» አሉ አሮጊቷ። «በበላው እግር።»

እናቴን አየኋት። እጇን ዘርግታ ምርኩዜን ተቀበለችኝ። ቀኝ እግሬን ከችግኙ አጠገብ አሳረፍኩ። ቀስ ብዬ ክብደቴን ሰጠሁት። አፈሩ ከሥሬ ወረደ፣ አመመኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ አጥንቴ ግን ቆመ። አንሥቼ ደገምኩት። ያ ማንም ያላየው ስፌት እኔን ሙሉዋን ተሸከመኝ። እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ፣ በችግኙ ዙሪያ ዞርኩ፤ መኪናዬን ስረግጥ በለመድኩት አረጋገጥ፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት።

ስጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ችግኝ ለመድረስ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ በጣም አርጅተዋል። ይህን ያህል መንገድ ሄደው ያመጡት ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ለሚሰበር ሰው» አሉ።

ማን እንደሆነ አያውቁትም። ተወልዶም እንደሆነ አያውቁም። ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ዳሰሱና፣ በወዲያ በኩል ገና ልል ነው ብለው አሳዩኝ። ዞሬ ሄድኩና ደህና አድርጌ ረገጥኩት።